ሳይሞቱ ያረጁት አቶ የኋላሸት

ወስፌው በቀኝ እጃቸው ነው፤ ጠፍሩን በግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ይወጋሉ፣ በሰም የታሸ ክር ያሳልፋሉ፣ ሁለቱን ጫፍ ግራና ቀኝ ይስባሉ፣ እንደገና ይወጋሉ። የሚሰፉት በጋሪ ፈረስ ደረት ላይ የሚውል ማሰሪያ ነው። ሥራውን ያመጣው ባለጋሪ ወስፌው በገባ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዳይወጋዎት!»

አቶ የኋላሸት ቀና አይሉም። «ወስፌ አይገድለኝም» ይላሉ። «እኔን የሚገድለኝ ምክር ነው።»

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ «ይሞታል» የተባለ ሰው አለው። የእናንተም ሰፈር አለው፤ አስታውሱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ ከንፈር የመጠጠለት፣ ጎረቤት በየዓመቱ «ዘንድሮስ አይከርምም» ያለለት፣ ለለቅሶው የሚለበሰው ነጠላ አስቀድሞ የታሰበለት ሰው። ይህ ሰው ግን አይሞትም። ከንፈር የመጠጡትን አንድ በአንድ ይቀብራል፤ ከቀብር መልስም ንፍሮው ጨው አንሶታል ብሎ ያማርራል። የኔ ዕድል ሆኖ የሰፈራችን «ይሞታል» አማቼ ናቸው፤ የልጄ የሐመልማል ባል።

የአቶ የኋላሸት ደም ቶሎ አይረጋም። ሐኪሞች ሄሞፊሊያ ይሉታል። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ የልጅ ልጄ ተማሪ ቤት ስትገባ አብሬያት ስለሆነ ረጅም ቃል አሁንም ያደክመኛል። ይህኛውን ግን ሳልንተባተብ እጽፈዋለሁ፤ ቤታችን ሲገባና ሲወጣ የኖረ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ጣታቸው ቢቆረጥ ደማቸው ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ትንሽ ጭረት በጨርቅ ይታሰራል፣ ይቆማል። ጣጣው ከውስጥ ነው። ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ትንሽ ከተጠማዘዘ ደሙ መገጣጠሚያ ውስጥ ይፈስና ጉልበታቸው እንደ ዱባ ይነፋል። በሽታው በዘር የሚሄድ ነው። እናት ትሸከመዋለች፣ ወንድ ልጅ ይታመምበታል፤ የታመመ አባት ደግሞ ለሴት ልጁ የግድ ያወርሳታል። ስለዚህ የእሳቸው ልጅ፣ የኔ የልጅ ልጅ ኤፍራታ፣ ትሸከመዋለች። ዘንድሮ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ይህ ነገር ትዳሯን ሊያፈርስባት ምን ያህል ቀርቦ እንደነበረ ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ልታውቋቸው ይገባል።

የተወለዱት ዲክሲስ ነው። ከእሳቸው በፊት የተወለደው ወንድማቸው በስምንተኛ ቀኑ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል። እሳቸው ሲመጡ ያው ሆነ፤ የእሳቸው ደም ግን በስንት መከራ ቆመ። ገራዡ ምላጩን ጠራርጎ ሲወጣ «ይህ ልጅ ለክርስትናው አይደርስም» አለ። ደረሱ። ጤና ረዳቱ «ተማሪ ቤት አይገባም» አለ። ገቡ። አስተማሪው «ሚኒስትሪ አይፈተንም» አሉ። ተፈተኑ፤ ያውም ወድቀው እንደገና ተፈተኑ። ባለቤቴ ኃይለመስቀል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐመልማልን በዳሩበት ቀን «ልጄን ለመበለትነት ዳርኩ» ብለው ጠጅ አልቀምስም አሉ። ይህን ሁሉ የተናገሩት ሰዎች ዛሬ አንዳቸውም የሉም። አቶ የኋላሸት በሁሉም ቀብር ላይ ተገኝተዋል። የገራዡ ቀብር ዕለት ዝናብ ነበር፤ ያን የዲክሲስ ጭቃ በከዘራ እየመቱ ሄዱ። «ባልገኝ ይቀየመኛል» አሉ።

ባለቤቴ የሞቱ ዕለት ግን ድንኳን ውስጥ ከልጆቻቸው ይበልጥ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሊያጽናናቸው ሲቀርብ «ተዉኝ፣ የሚከራከረኝ ሰው ሞተብኝ» ይላሉ።

«ደህና ነህ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል። «አለሁ! ምን ታመጣላችሁ?»

ሙያቸውንም ያገኙት በዚሁ እልህ ነው። ልጅ ሳሉ የእኩዮቻቸው ሁሉ ጨዋታ ፈረስ ነበር፤ እሳቸው ወደ ፈረስ እንዳይጠጉ እናታቸው ቃል አስገብተዋቸዋል። ስለዚህ አንድ ኮርቻ ሰፊ አዛውንት አጠገብ ተቀመጡ፣ ሳይነሱም ሙያውን ለመዱ። አሁን አሰላ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አብዛኛው እሳቸው የሰፉትን ነው የሚለብሰው። አንድ ቀን ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ይህ ግን ለፈረሰኛ እንዴት እንደሚቀመጥ ከመንገር አልከለከላቸውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ያረጀ ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እናንተና እኔ እርጅና ሲመጣ እንደበቅበታለን። ሽበት እንቀባለን፤ ዕድሜ ስንጠየቅ ሳል ይይዘናል። አቶ የኋላሸት እርጅናን የተቀበሉት ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ሽበት ብቅ ያለች ጊዜ ባጃጅ ተኮናትረው ዘመድ ቤት ለዘመድ ቤት እየዞሩ አሳዩ። ሐመልማል «ኧረ ሰው ይታዘበናል» ብትላቸው «ይታዘብ! ይህችን ሽበት የሚያይ ዓይን አይኖርም ብለው ነበር» አሏት። ማንበቢያ መነጽር ሲታዘዝላቸው በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሲተኙም አያወልቁትም። ደም ግፊት የተገኘባቸው ዕለት ቁጥሩን ላገኙት ሰው ሁሉ እንደ ልጅ የፈተና ውጤት ነገሩ። «መቶ ስልሳ!» ይላሉ። «መቶ ስልሳ ነው ያመጣሁት!»

እኔ ግን አያለሁ። ጠዋት ጫማቸውን ሲያደርጉ ግድግዳውን እንዴት እንደሚይዙ አያለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ ሲንገጫገጭ ቀልዳቸውን መሃል ላይ አቋርጠው ከንፈራቸውን ሲነክሱ፣ ከዚያም ካቆሙበት ሲቀጥሉ አያለሁ። አይቼ ዝም እላለሁ። እንዳየሁ ካወቁ የዚያን ቀን ምሳ አይበሉልኝም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ለሕክምና አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ራጁን እያገላበጠ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ «አቶ የኋላሸት፣ ዕድሜዎ አርባ ዘጠኝ ነው። መገጣጠሚያዎና አጥንትዎ ግን የሰባ አምስት ዓመት ሰው ነው የሚመስለው። ሰውነትዎ ዕድሜዎን ቀድሞት ሄዷል» አላቸው። ቀስ እያለ አስረዳን። በየጊዜው የፈሰሰው ደም መገጣጠሚያውን በልቶታል፤ ሰውነትም ዕድሜ ልኩን ጉዳት ሲጠግን ሲኖር ይደክማል። ሌላም ምክንያት ይኖራል፣ ገና እየተጠና ነው አለ። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ሰባ አምስት?»

«ግምት ነው።»

«አትቀንስብኝ እንግዲህ» አሉት።

ተመልሰን አሰላ በገባን በሳምንቱ የዕድር ስብሰባ ሆነ። በእኛ ዕድር ዳቦ የሚባርከው በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። ይህ ክብር ለብዙ ጊዜ የጡረተኛው የአቶ ይበልጣል ነበር፤ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ምርቃታቸው ረጅም ነው፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሲነሱ አቶ የኋላሸት ከዘራቸውን አነሱ።

«ይቅርታ። በዕድሜ ቅድሚያ የኔ ነው።»

«የማን?» አሉ አቶ ይበልጣል። «አንተ ልጅ፣ እናትህ አዝላህ ስትዞር እኔ ጢም ነበረኝ!»

«ጢም ሌላ፣ ጉልበት ሌላ። በጉልበት ሂሳብ ሰባ አምስት ነኝ። ካላመኑ ሐኪም ይጠይቁ።»

«እንዲያ ከሆነ ጉልበትህ ይባርክልና!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ የኋላሸት ግን አልሳቁም፤ ቢላዋውን አንስተው ዳቦውን ባረኩ፤ ምርቃታቸውም አጭር ስለነበረ ሕዝቡ በሙቀቱ በላና ወደዳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ነበር። ማለትም በሰው በኩል ብቻ ይሰዳደቡ ነበር። አማቼም ከታናሽ ከታላቁ «አንቱ» መባልን ጠየቁ። እኔ አማቼ ናቸውና ብዬ ድሮም አንቱ ስለምላቸው የጨመርኩት ነገር የለም።

ከዚያ ሕክምና አንድ ሌላ ነገር አልረሳም። እኛ የሄድንበት ክፍል ልጆች የሚበዙበት ነው። ግድግዳው ላይ ቢራቢሮና ዝሆን ተስሏል፤ ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። የአቶ የኋላሸት ጉልበት አይታጠፍም፤ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ እንደ አጥር እንጨት ዘርግተው ተቀመጡ፤ ልጆቹ እየዘለሉት አለፉ። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ወጣት እናት አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጅዎ የት ሄደ?» አለቻቸው።

«ልጁ እኔ ነኝ።»

ሳቅ አለች፤ ቀልድ መስሏታል።

«በሽተኛው እኔ ነኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ያቀፈችውን ልጅ አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ደግማ ልጁን አየች። «ስንት ዓመትዎ ነው?» አለች። ለአገር ሁሉ ሰባ አምስት የሚሉት ሰውዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አርባ ዘጠኝ» አሏት። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹ እናቶች ሰምተው ተሰበሰቡ። «አግብተዋል?» «ልጅ አለዎት?» «ሥራ ይሠራሉ?» እየተቀባበሉ ጠየቋቸው። ሁሉንም መለሱ። እዚያ ክፍል እስካለን ድረስ አንድም ጊዜ አላማረሩም።

በመልሱ መንገድ እስከ አዳማ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። ከዚያ «እማማ ብርቄ» አሉኝ፣ «ያረጀ አይተው አያውቁም። ልጃቸው ካደገ በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳያቸው ሰው የለም።» ወዲያው የሚኒባሱ ወንበር እንደቆረቆራቸው መናገር ጀመሩ፤ እስከ አሰላ አላቆሙም።

አሁን ወደ ኤፍራታ ነገር።

እንደሻው የሚባለው ልጅ ኦጎልቾ የእርሻ ባለሙያ ነው። ከኤፍራታ ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ አባቱ ሞተዋል። ኤፍራታ ሁሉንም ነግራዋለች፣ እሱም «የመጣው ቢመጣ አብረን ነን» ብሏታል። እናቱ ግን አታውቅም። ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ሲቆረጥ ቤታችን ምክር ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ነገሩ ይለቅ» አለች ሐመልማል። «ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።»

«መቼ?» አሉ ባሏ። «ከሠርጉ በኋላ ወይስ ከግርዛቱ በኋላ?»

በስምንተኛ ቀኑ ስለሞተው ወንድማቸው ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ እዚሁ በር ላይ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

«አባባ፣ በር ላይ አይሁን» አለች ኤፍራታ። «ቢያንስ ቁጭ ይበሉ።»

ለዚህ ቃል ገቡላት። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ግን መጋረጃው ተጣሟል ብለው፣ ተው ሲባሉ እምቢ ብለው በርጩማ ላይ ወጡ። መጋረጃው ተስተካከለ። ሲወርዱ እግራቸው ዞረ። ጠዋት ቀኝ ጉልበታቸው ሱሪ አላስገባ አለ። ፋክተር የሚባለው ደም የሚያረጋው መርፌ አልቆብን ነበር፤ ሌላው እስኪመጣ ቀናት ይፈልጋል። ከጁስ ቤት በረዶ በፌስታል አመጣን። ሐመልማል ሰፊ ሱሪ አልብሳቸው ጉልበታቸውን ከነበረዶው በጋቢ ሸፈነች። «እስኪቀመጡ ብቻ ዝም በል» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ማን ሆነ? አቶ ይበልጣል! የልጁ የሟች አባቱ ዘመድ ናቸው። ሁለተኛው ኦቦ ቱሳ ናቸው፤ የጋሪና የፈረስ ባለቤት፣ የአማቼ የቆየ ደንበኛ። ሦስተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ስላልተነፈሱ ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም።

ደንቡን ታውቃላችሁ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከበር ገብቶ ይቆማል፤ ባለቤቱ ተነስቶ ይቀበለዋል፤ «ቁጭ በሉ» ይለዋል። ሁላችንም ተነሳን። አባትየው ግን እንደተቀመጡ ናቸው።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ። «ቁጭ በሉ።»

አቶ ይበልጣል አልተንቀሳቀሱም። «ተነስቶ ያልተቀበለን ሰው ቤት አንቀመጥም።»

«እኔ ቁጭ በሉ ብያለሁ።»

«ተነስና በለና! የዳቦውን ቂም እዚህ ድረስ ታመጣዋለህ?»

«እናንተ ካልተቀመጣችሁ መናገር አልችልም» አሉ አማቼ፤ ለልጃቸው የገቡት ቃል አስሯቸዋል። «ቃል አለብኝ።»

«አንተ ካልተነሳህ እኛ አንቀመጥም።»

ኦቦ ቱሳ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆሙ። «ይበልጣል፣ እኔ ከማንም ጋር ቂም የለኝም» አሉ። «የኔ እግር በማን ዕዳ ነው የሚቆመው?»

አቶ ይበልጣል ፊታቸው ተለዋወጠ። «ገብቶናል» አሉ። «እምቢ ማለት በአፍ ብቻ አይደለም። ኑ እንሂድ።» ወደ በሩ ዞሩ። ኤፍራታ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሽማግሌ እንዲህ ተቀይሞ ከወጣ ሁለተኛ እንደማይመለስ አውቃለሁ።

ያኔ አቶ የኋላሸት ጋቢውን ገፈፉ። ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ጠቀለሉ። ፌስታሉ ወለል ላይ ወድቆ በረዶው ተንኳኳ። ሽማግሌ ፊት ጭን መግለጥ በእኛ ነውር ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ባንዲራ ነው የገለጡት። ጉልበቱ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

«እምቢ አላልኩም» አሉ። «መነሳት አቅቶኝ ነው። ደብቅ ስለተባልኩ ነው ጋቢ የለበስኩት። አሁን እዩት፤ ቀርባችሁ እዩት። ደሜ አይረጋም። ከእናቴ ወረስኩት፣ ኤፍራታ ከኔ ወረሰችው። እሷ ጤነኛ ናት፣ ትሠራለች፣ ትወልዳለች፤ የምትወልደው ወንድ ከሆነ ግን እኩል በእኩል ነው፤ እንደኔ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እንደሻው ያውቃል። እናቱ አታውቅም። ሄዳችሁ ንገሯት። ግን ስትነግሯት ከንፈር እንዳትመጡ! ሬሳ አይደለም የምታወሩት፤ እኔን ነው የምታወሩት። የተወለድኩ ዕለት የተቆፈረልኝ ጉድጓድ እስካሁን ባዶውን ነው።»

ኦቦ ቱሳ ጉልበቱን የፈረስ እግር እንደሚመረምሩ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ገዝቻለሁ» አሉ። «የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ባለቤቱ ራሱ የነገረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዱጋ፣ እውነት ነው የተናገርከው። እኔ እቀመጣለሁ።» ተቀመጡም። ኤፍራታ በኋላ «ፈረስ አደረጉኝ» ብላ እስኪያማት ሳቀች፤ ያን ሰዓት ግን ማንም ስለ ፈረስ አላሰበም።

አቶ ይበልጣል ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ጉልበቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ያምሃል?» አሉ።

«አለሁ። ምን ታመጣላችሁ?» አሉ አቶ የኋላሸት፤ ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም።

አቶ ይበልጣል ጎንበስ ብለው ፌስታሉን አነሱ። በረዶውን መልሰው ጉልበቱ ላይ አደረጉ፣ እንዳይንሸራተትም በእጃቸው ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። «መቼም ስድነትህ የሰባ አምስት ዓመት ሰው አይደለም» አሏቸው።

የእንደሻውን እናት መልስ ለማምጣት ቀጠሮ ተሰጠ። ኤፍራታ በዚያ መሃል ምግብ አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ሐመልማል ባሏን አላናገረችም። እሳቸውም የጉልበታቸው እብጠት እየጎደለ ሲሄድ ሱቃቸው ገብተው ይሰፋሉ፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ ክር በሰም አሻለሁ። ከቀጠሮው በፊት አንድ ቀን አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች፤ የኦጎልቾ አቧራ ጫማዋ ላይ ነው።

«የፈረስ ዕቃ ነው?» አሏት አቶ የኋላሸት።

«አይደለም። ናዝሬት እባላለሁ። የእንደሻው እናት ነኝ።»

ወስፌው ቆመ። የወንድ እናት ሽማግሌዎቿን ትታ ብቻዋን ወደ ሴቷ ወገን መምጣት በእኛ ደንብ የለም። በርጩማ ሰጠኋት። እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ሽማግሌ ይዞት የሚመጣ ጥያቄ አይደለም።»

«ይጠይቁ።»

«ሲያምዎት… እናትዎን ረግመው ያውቃሉ? ለምን ወለድሽኝ ብለው?»

እኔ ክሩን አቆምኩ። ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስኖር ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም። እሳቸውም ጠፍሩን ከጭናቸው አወረዱ።

«እኔ መራገም እወዳለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መንገዱን ረግሜአለሁ። ወጌሻውን ረግሜአለሁ። አማቴን ረግሜአለሁ፣ ይቅርታ እማማ። እናቴን ግን አንድ ቀን አልረገምኩም። መወለዴ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር የሚለኝ በየዓመቱ ሊቀብሩኝ መቸኮላቸው ነው።»

ናዝሬት ራሷን ነቀነቀች። «ወንድ ቢወለድና እንደ እርስዎ ቢሆን ምን ላድርግ?»

ወስፌውን እንደ አስተማሪ ጠመኔ ያዙት። «በስምንተኛው ቀን ቤት ውስጥ ማንም ምላጭ አያንሳ። ይመርመር፤ ግርዛቱ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ። ጉልበቱ ሲያብጥ ወጌሻ አይጥሩ። ቅቤ ቀብቶ ማሸት መድማቱን ያባብሰዋል፤ ይኸው ይህ ክርኔ በወጌሻ እጅ ነው አልዘረጋ ያለ። ያሳርፉት፣ በረዶ ያድርጉለት፣ ቶሎ ፋክተር ያስወጉት። የዛሬ ልጆች እኔ ያላገኘሁትን መድኃኒት ገና በሕፃንነታቸው የሚያገኙ አሉ፤ የእነሱ ጉልበት በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ እንደኔ ላያረጅ ይችላል።»

«ዕድሜውስ? ስንት ዓመት…»

«ዕድሜውን የሚነግርዎት ሰው ከመጣ ሻይ ሳያቀምሱ ይሸኙት።»

ሳቀች። ሳቋ አልቆም አለ፤ መጨረሻው ላይ ዓይኗን ጠረገች። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና «ቀን ቁረጡ» አለች።

አቶ የኋላሸት ሊሸኟት የሥራ ጠረጴዛውን ይዘው መነሳት ጀመሩ። ይህ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው፤ ፊታቸው ይለዋወጣል። ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ወይ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ይላል ወይ ብብታቸውን ይይዛል። ናዝሬት አልደገፈችም፣ አላጣደፈችም። ቀጥ ብለው እስኪቆሙ ድረስ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኤፍራታን ለማን እንደምሰጥ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አማቼ ከአሁኑ ድንኳኑ ጠቦናል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወንበሩ ዝቅ ይላል እያሉ ነው። ከሐመልማል ጋር ታርቀዋል፤ ከአቶ ይበልጣል ጋር ግን በሠርጉ ላይ ማን እንደሚመርቅ ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ተጀምሯል። አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ ሳልድር አልሞትም ማለት አምጥተዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ይነጫነጫሉ፤ ያደክማሉ፤ ጆሮ ይበላሉ። እኔ ግን ድምፃቸው ለጥቂት ጊዜ ከጠፋ ሥራዬን ጥዬ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማጉረምረማቸውን ስሰማ ነው ልቤ የሚመለሰው።

ስለዚህ እናንተን አንባቢዎቼን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጉልበቱ እያበጠ የሚያለቅስ ወንድ ልጅ ያላት፣ «አይቆይልሽም» የተባለች እናት ብታውቁ ከንፈር አትምጠጡላት። መጀመሪያ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ከዚያ አሰላ ላኩልኝ። መናኸሪያው ስትወርድ የፈረስ ዕቃ ሰፊው የት ነው ብላ ማንኛውንም ባለጋሪ ትጠይቅ። ልጇን ይዛ ትግባ፣ እኔ አጠገብ ትቀመጥ፣ ስለ መንገዱም ስለ ወንበሩም ስለ አማታቸውም የሚያማርሩትን ሁሉ ጆሮዋ እስኪደክም ትስማ። ልጇም አንድ ቀን እንዲህ የማይቻል ሽማግሌ ሊሆንባት እንደሚችል በዓይኗ ትይ።